ጋሼ የጎተቱት የወርቅ ሽቦ

መስከረም 12 ቀን

ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ከወርቅ መሥሪያ ጠረጴዛዎ ፊት ተቀምጠው፣ እትዬም ሻዩ ቀዘቀዘ እያሉ ሲቆጡዎት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፤ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

«ከእጄ የወጣ ነገር ይኑርሽ» ብለው ለመታሰቢያ የላኩልኝን ፀጉር የምታህል የወርቅ ሽቦ ያስታውሳሉ? እሷን ሥራ ላይ አዋልኳት። እንዳይቆጡኝ መጀመሪያ ምክንያቱን ልንገርዎ። ሥራሽ ምንድን ነው እያሉ በጠየቁኝ ቁጥር «ኤሌክትሪክ ነው» ብዬ ነበር የማልፈው፤ ዛሬ ግን በደንብ ላስረዳዎ።

የወርቅ ሽቦ በስስ ሳህን ላይ እናጣብቅና ሳህኑን ከሥር በዝግታ ወደ ላይ እንገፋዋለን። ሽቦው መሃሉ ላይ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ይበጠሳል። በተበጠሰበት ቦታ የሚቀረው ክፍተት ከመጥበቡ የተነሣ አንዲት ሞለኪውል ብቻ ናት የምትገባበት። ገብታ በአንድ እጇ ወዲህ፣ በአንድ እጇ ወዲያ ያለውን ወርቅ ትይዛለች። ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ካልሆነ መሻገሪያ የለውም።

በዚያች ሞለኪውል ውስጥ ጥንድ ያላገኘ አንድ ኤሌክትሮን አለ፤ እርስዎ ቢሆኑ ወንደላጤ ይሉት ነበር። ይህ ወንደላጤ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በጣም ስናቀዘቅዘው የወርቁ ኤሌክትሮኖች ይከቡትና ያባብሉታል፤ ማግኔትነቱን እስኪረሳ ድረስ። እነሱ ሲሰበሰቡ ኤሌክትሪኩ እንደ ልቡ ያልፋል፤ ስክሪኑ ላይም መሃል ለመሃል አንድ ጉብታ ይነሣል። ከውጭ ኃይለኛ ማግኔት ስናስጠጋበት ጉብታው ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋነው ይህን ጉብታ ለማየት ነበር።

ሞለኪውሏን የሚሠራልን ቀማሚ አለ። ሁሉን ነገር በጠብታ በጠብታ ስለሚለካ ስሙን ትተን «ጠብታ» እንለዋለን። ሻይ ውስጥ ስኳር ሲጨምር እንኳ ማንኪያውን ወደ ብርሃን ያነሣዋል። ዝምተኛ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ሕይወት ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ጉብታው የመጣ ዕለት ስክሪኑ ፊት ቆሞ አለቀሰ፤ ሁላችንም አብረነው አለቀስን።

እና የመጣው በእርስዎ ሽቦ ነው። የእኛው ጥቅል ሽቦ አልቆ፣ አዲሱም ዘግይቶ፣ ሥራ ከሚቆም ብዬ የእርስዎን አስገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዘመዴ የጎተተው ነው ብል ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ወርቅ ወርቅ ነው አልኩ። ውጤቱን አሁን ለሕትመት ልከነዋል። የጠብታ የሥራ ውል በጥር መጨረሻ ያልቃል፤ በዚህ ውጤት እንደሚያድሱለት ኃላፊያችን ነግሮታል።

እጅዎን እስማለሁ። እትዬን ይሳሙልኝ።
ልጅዎ ለምንዬ


ጥቅምት 3 ቀን

ለልጄ ለለምንዬ፤

እግዚአብሔር በወጣሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያስቀድምልሽ። ደብዳቤሽ ሦስት ጊዜ ተነበበልኝ። ይህ በእትዬሽ እጅ የተጻፈው አሲድ ጣቴን ስለላሰኝ ነው፤ ምንም አይደለም፣ ይድናል። በስልክ ንገራት ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ስልክ ሳወራ ሰፈሩ ሁሉ ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። ደብዳቤ ይሻለኛል።

ወንደላጤው ኤሌክትሮን በጣም አስቆኛል። እኔንም እንዲሁ ከብበው፣ አባብለው ነው የዳሩኝ። (እኔ እትዬሽ ነኝ። ማንም አላባበለውም፤ በራሱ እግር ነው የመጣው። ይህን አትጻፊ አለኝ፤ ጻፍኩት።)

ዛሬ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባሁና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። «ምነው ዛሬ ኮራህ?» አለኝ። «የእኔ ሽቦ ነው እዚያ ትልቅ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ያልታየ ነገር ያሳየው» አልኩት። አላመነኝም፤ ደብዳቤሽን ወስጄ አስነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ሱሪ ሊያስጠብብ ለሚመጣ ሁሉ እሱ ራሱ ነው የሚያወራው፤ ጨማምሮበታል፤ በመጨረሻ ስሰማው መሣሪያውንም እኔ ነኝ የሠራሁት።

ስለ ወርቁ ልንገርሽ። ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ለዓመታት የተጠራቀመ የሞረድ ብናኝ ነበረኝ። እሱን ሰብስቤ አነጠርኩ፣ አቀለጥኩ፤ ከዚያ በመጎተቻው ብረት ከሰፊው ቀዳዳ ወደ ጠባቡ እያሳለፍኩ ጎተትኩት። እንደዚያ ቀጭን ሽቦ ከጎተትኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ያንቺ ነው ብዬ ነው እንጂ ለሌላ ሰው አልነካውም ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚያ ጥሩ የእጅ ማጉያ መስታወት እንዳለ ሰምቻለሁ። የእኔ ተጭሯል። ከተመቸሽ ላኪልኝ።

ምርቃቴ ከኋላሽ አይለይ።
አጎትሽ


ኅዳር 9 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ጣትዎ እንዴት ሆነ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማጉያውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቀናነትዎን እያሰብኩ ነው ያሸግኩት።

እዚህ ነገር ተበላሽቷል። ጽሑፋችንን የመረመሩት ሰዎች «እንደገና ለኩና አሳዩን» አሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው። አዲሱ ጥቅል ሽቦ መጥቶ ስለነበር በእሱ ለካን። ጉብታው የለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሽቦ ስበጥስ ከረምኩ፤ ሞለኪውሏ በቦታዋ ትገባለች፣ ኤሌክትሪኩም ያልፋል፣ መሃሉ ግን እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው።

በስብሰባው ላይ ኃላፊያችን ከተቀየሩት ነገሮች መጀመሪያ የጠራው ጠብታን ነው። የመጀመሪያው ብልቃጥ አልቆ ሞለኪውሏን እንደ አዲስ ሠርቶልን ነበር። «በዚህኛው ላይ የሆነ ነገር ተሳስተህ ይሆን?» አለው፤ በለዘበ ድምፅ። ጠብታም ወደ እጁ ተመለከተና «ሊሆን ይችላል» አለ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ሽቦውም ተቀይሯል ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አሁን ሦስተኛውን ብልቃጥ እየሠራ ነው። ምሳውን እዚያው ቆሞ ይበላል።

ጋሼ፣ ከዚያችው ማቅለጫ የተረፈ ሽቦ አለ? ሌላ ሳይሆን ከዚያችው። ትንሽ ቢሆን ይበቃኛል። የምፈልገው ለማጣራት ብቻ ነው፤ አይጨነቁ።

ልጅዎ ለምንዬ


ኅዳር 28 ቀን

ለልጄ፤

ከክፉ ዓይንም ከክፉ አፍም ይሰውርሽ። ሽቦው ተርፎኛል፤ በጥጥ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ያችው ናት፣ ከዚያችው ማቅለጫ። አየሽ፣ የሱቁ እንደማይሆንላችሁ! ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ የሠርግ ያህል ተደሰተ።

ማጉያው ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ ትንሽ ደከም ያለ ነው። ከዚህ ከፍ ያለ ካለ፣ ባይሆን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ብርቱ መብራት ካገኘሽ ይሻላል። የዘንድሮ አምፖል እንደሆነ ብርሃኑ ሁሉ ጭጋግ ነው። (አምፖሉን ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ። እኔ ያለ መነጽር መርፌ እሰካለሁ በዚያ ብርሃን።)

እትዬሽ የማልላትን ትጽፋለች፤ አትስሚያት። ጣቴ እስካሁን አልሻረም።

ያ ቀማሚ ልጅ ቆሞ አይብላ በይው። ቆሞ የበላ አይጠግብም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

መብራቱን ልኬያለሁ፤ እንዳይሰበር እጸልያለሁ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እንዲሁ በቀጥታ ልጻፈው። በላኩልኝ ሽቦ ለካሁ፤ ጉብታው ተመልሶ መጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም። ቀጥዬ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ የእርስዎን ሽቦ ያለ ምንም ሞለኪውል፣ ባዶውን በጠስኩት። ጉብታው አሁንም አለ። ማግኔት ሳስጠጋ ለሁለት ይከፈላል። የጠብታ ሞለኪውል በሌለችበት!

ባዶ ሽቦ እንዲህ እንደማያደርግ ድሮ አረጋግጠን ነበር። ያረጋገጥነው ግን በሱቁ ሽቦ ነው። ሽቦውን ስቀይር ይህንንም መድገም ነበረብኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኔ ግን ከቤት የመጣ ነው ብዬ እንደ ሱቁ አልጠረጠርኩትም።

የሚመስለኝን ልንገርዎ። ብረት በወርቅ ውስጥ ሲገባ አንዷ የብረት አቶም ራሷ ትንሽ ማግኔት ናት። የወርቁ ኤሌክትሮኖች እሷንም ይከቧታል፤ ልክ እንደ ወንደላጤው። ከመቶ ሺህ የወርቅ አቶም መካከል ጥቂት የብረት አቶም ቢገኝ እንኳ ለእኛ ብዙ ነው። ለጌጥ ቢሆን ማንም አያውቀው፣ ማንንም አይጎዳ።

እባክዎ እንዳይቀየሙኝ። ብናኙን ከማቅለጥዎ በፊት የሞረዱን ብረት ለማውጣት ማግኔት አሳልፈውበት ነበር? ልጅ ሆኜ ወረቀት ላይ በትነው ማግኔቱን ሲያንሸራትቱ፣ ማግኔቱ ጢም ሲያበቅል እያየሁ እስቅ ነበር። እሱን ነው የምጠይቅዎ።

ጠብታ አምስተኛውን ብልቃጥ ሠርቷል። ሚዛኑን ለማስመርመር ባለሙያ ጠራ፤ ሚዛኑ ልክ ነው። ውሃውን ቀየረ። ጓንቱን ቀየረ። ትናንት ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ «አንቺ እውነቱን ንገሪኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አለኝ። አይንቀጠቀጥም አልኩት። ይህን ብቻ ነው ያልኩት፤ ከዚያ አልፎ መሄድ አቃተኝ። እንደ ሌባ ግድግዳ ተጠግቼ ሄድኩ።

መልስዎ እንደደረሰኝ እነግረዋለሁ። ነገሩን ሳላጣራ ብናገር ደግሞ እርስዎን ማማት ይሆንብኛል።

ልጅዎ ለምንዬ


ጥር 25 ቀን

ለልጄ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ማግኔት አሳልፌያለሁ።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት አባትሽ ገና ሳይራመድ ነው። ማግኔት ሳላሳልፍ ብናኝ አቅልጬ አላውቅም። አንቺ ራስሽ ጢም ሲያበቅል አየሁ እያልሽ አሳልፈሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል? መብራቱ ደርሷል። አልወደድኩትም። የምጽፍልሽ ይህን ብቻ ነው።

አጎትሽ

ለምንዬ፣ ይህ ከእኔ ነው። እሱ ጓሮ ወጥቷል፤ ቶሎ ቶሎ ልጻፍልሽ። ደብዳቤሽ በመጣ በሦስተኛው ቀን ነበር መልስ መጻፍ የነበረብን። ወረቀቱን ሳወጣ ዛሬ አይደለም፣ ነገ ይለኛል። እንደዚህ እያልን ሦስት ሳምንት አለፈ።

ጣቱ ምንም አልሆነም። አሲድም አልነካው። ዓይኑ ነው። ካለፈው ክረምት በፊት ጀምሮ እየደከመ ሄዶ አሁን ፊቴንም የሚያውቀው በድምፄ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ምንም አልሆንኩም ይላል። ከሰው ትእዛዝ መቀበል አቁሟል፤ ሥራ በዝቶብኛል እያለ። ሱቁን ይከፍታል፣ ይቀመጣል፣ ይዘጋል። በዓመት የሠራው ነገር ያንቺ ሽቦ ብቻ ነው።

ማግኔቱን እውነት አሳልፎታል። አጠገቡ ነበርኩ። ማሳለፍ ብቻ ግን አይበቃም፤ ጢሙን ጠርጎ እንደገና ማሳለፍ፣ ማግኔቱ ራቁቱን እስኪወጣ መደጋገም ነው ሥራው። ልየው ስለው እጄን መትቶ አስመለሰኝ። በጣቱ ዳሰሰውና «ጠርቷል» አለ። በዚያ እሳት ባጠነከረው ጣት! ተውኩት። ባልናገር ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ያኔ ይህን ያህል መዘዝ እንዳለው ባውቅ ኖሮ ቢጮህብኝም እናገረው ነበር።

እንዳልነገርኩሽ ሁኚ።
እትዬ


የካቲት 14 ቀን

ለማከብራችሁ ለጋሼና ለእትዬ፤

በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። ይህን ለጋሼ ያንብቡላቸው እትዬ።

ጋሼ፣ ነገሩ ተጣርቷል። የእርስዎ ወርቅ ንጹሕ ነው። ችግሩ እዚህ በእኛ መሣሪያ በኩል ነበር፤ የአንድ ብሎን ዝገት ነው። በማይረባ ጥያቄ ስላስቀየምኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ልብስ ሰፊው ወሬውን እንዳያቆም ይንገሩት።

ጠብታ ግን ከእኛ ጋር የለም። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ወደ ክፍሉ ስሄድ ጠረጴዛው ተወልውሎ አገኘሁት። ለኃላፊው በራሱ እጅ ጽፎ ሄዷል፤ «የመጀመሪያው ብልቃጥ ንጹሕ አልነበረም ማለት ነው፤ እንዴት እንደተበላሸ ማወቅ አልቻልኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» ይላል። ውሉን እንዲያድሱለትም አልጠየቀም። ኃላፊያችን ደብዳቤውን አንብቦልን «ጨዋ ሰው ነው» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ፤ አንገቴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

ሰባት ብልቃጥ ሠርቶ ነበር። እኔ ያየሁት ስድስቱን ነው፤ ሰባተኛውን ከመዝገቡ ነው ያወቅኩት።

አሁን ብናገርም የሄደ አይመለስም። የቀረው እርስዎን አለማሳዘን ብቻ ነው። ሐኪም ቤት አንድ ቀን ብቅ ቢሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዕድሜው ለገፋ ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይላሉ።

ልጃችሁ ለምንዬ


መጋቢት 2 ቀን

ለለምንዬ፤

ይህን ሳስጽፍ እትዬሽ እያለቀሰች ነው፤ ፊደሉ ቢንሸዋረር ከእሷ ነው።

ዝገት አልሽ። ስለ ብሎን ልትነግሪኝ ነው፣ ለእኔ? ደብዳቤሽን ስታነብልኝ ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁ። ዓይኔ ነው የደከመው፣ ጆሮዬ አይደለም። ምን ብለሽ ጻፍሽላት አልኳት፤ ሁሉን ነገረችኝ። ዓይኔን እንደነገረችሽም ነገረችኝ። አልተቆጣሁም። ለመቆጣትም ሰው ፊት ሊኖረው ይገባል።

ማግኔቱ ራቁቱን ወጥቶ አልወጣ አላየሁም። እዪልኝ ማለት ከበደኝ። ለአንዲት ከንቱ ኩራት ብዬ ብረት በወርቅ ላይ አቀለጥኩ። ያንን የሰው ልጅ ሰባት ጊዜ ያስለፋው የእኔ ሞረድ ነው። ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ፤ እኔ የማላውቀው ሰው በእኔ ምክንያት እጁን ሲመለከት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ይህ የእኔ ነው፤ ተሸክሜዋለሁ። ያንቺን ግን አልሸከምልሽም። አንድ ነገር መልሺልኝ። እትዬሽ ስልክ አላት። አንቺም ስልክ አለሽ። ለልደቷ ደውለሻል፣ ጉንፋን ይዟታል ሲሉሽ ደውለሻል። ማግኔት አሳልፈሃል ወይ የሚለው ጥያቄ ሦስት ቃል ነው። ለምን በደብዳቤ ጠየቅሽኝ? ደብዳቤ እዚህ ለመድረስ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅበት ታውቂያለሽ። እኔም መልሱን በሦስት ሳምንት እንዳዘገየሁት እወቂ። ሁለታችንም ፖስታውን ተደብቀንበታል፤ በመሃል የዚያ ልጅ ውል አለቀ።

እኔን ላለማሳዘን ብዬ ነው አልሽ። ያቺን ምክንያት ውሰጃት፤ አልፈልጋትም። እሱን አሳዝነሽ እኔን ማስደሰት አትችዪም።

ሂጂና ፈልጊው። የሄደ አይመለስም ያልሽውን ተይ፤ እግር አለሽ። ለኃላፊሽም ንገሪ። ጽሑፉን ስታርሙ ሽቦውን ማን እንደጎተተው ስሜን ከነአባቴ ጻፉ፤ ዘመድ ነው ብላችሁ አታድበስብሱት። ሱቄን ዘግቻለሁ። ለልብስ ሰፊውም ራሴ ነግሬዋለሁ፤ ሲሰማ መርፌውን አስቀመጠ። (ሐኪም ቤት ማክሰኞ እንሄዳለን። እኔ አልለመንኩትም፣ ራሱ ነው ያለኝ።)

አጎትሽ


መጋቢት 24 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ዓይንዎን የሚያይልዎ ሐኪም እጁ የሰመረ ይሁን። በስልክ የነገርኩዎት ይበቃ ነበር፤ ግን በስልክ መጨረስ ያቃተኝ አለ።

ለምን በደብዳቤ ጠየቅሽኝ ላሉት መልሱ እርስዎ ያሉት ነው። ስጽፍ ይህን አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ስከተው ሁለት ሳምንት አገኘሁ ብዬ እፎይ ማለቴን አስታውሳለሁ።

ለኃላፊያችን ነግሬዋለሁ። ጽሑፉን ከሕትመት መልሰን ወስደናል። በማረሚያው ላይ ስምዎን ከነአባትዎ ጻፍኩ፤ ከስምዎ በፊት ግን የእኔን አስቀደምኩ፤ ሽቦውን ሳትናገር የተጠቀመችው እኔ ነኝና። ኃላፊው ለጠብታ ይቅርታ ጽፎ ቦታው ክፍት መሆኑን ነግሮታል። መልስ አልሰጠም።

ጠብታን ያገኘሁት ከከተማው ዳር ባለ የቀለም ፋብሪካ ነው። የግድግዳ ቀለም ይቀምማሉ፤ አዳራሹ ሁሉ በበርሜል የተሞላ ነው፣ ወለሉ ላይ ሰማያዊና ቢጫ የጫማ ኮቴ አለ። እሱ ሚዛን ፊት ቆሞ ዱቄት እየለካ ነበር። ሳልጠራው ትንሽ ቆሜ አየሁት። ዱቄቱን ይጨምራል፣ ቁጥሩን ያያል፤ ከዚያ ከጎኑ የምትሠራውን ሴትዮ «እስቲ እዪልኝ፣ ስንት ይላል?» ይላታል። እሷ ታነብለታለች። ከዚያ በኋላ ነው የሚጽፈው። ለሚቀጥለውም እንዲሁ። ሴትዮዋ ለምዳዋለች፤ ከሥራዋ ቀና ሳትል ነው የምታነብለት።

ለሻይ ሲወጡ ነገርኩት። አንድም ሳላስቀር። የእርስዎን ሽቦ፣ የእኔን ዝምታ፣ ኮሪደር ላይ የጠየቀኝን ቀን። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሰማኝ። ስጨርስ «ብልቃጦቹስ?» አለኝ።

«ደህና ነበሩ።»

«ስንተኛው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉንም ደፋኋቸው እኮ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ቀጥሎም ለምን ያኔ አልነገርሽኝም አለኝ። የአጎቴን መልስ እየጠበቅኩ ነበር አልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ራሴው አፈርኩበት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አጎትሽ ዓይናቸውን ታክመዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሐኪም ቤት መሄድ ጀምረዋል አልኩት። ተመልሶ ስለመምጣቱ ሳነሣበት ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን እንቢ ማለቱ አልገባኝም።

ደወል ተደወለና ወደ ሥራቸው ገቡ። ልሰናበተው ተከትዬው ሄድኩ። ሚዛኑ ላይ ወረቀት አስቀመጠ፣ ዱቄቱን በማንኪያ ጫፍ ጨመረ፣ ቁጥሩ ቆመ። እኔም ከቆምኩበት አየዋለሁ፤ ልክ ነው፣ ከወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው። እሱም አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረና «እስቲ መጥተሽ እዪልኝ» አላት።

ልጅዎ ለምንዬ